የክብሪት ቀፎ የገባች መኪና

አንድ ትልቅ ሰው፣ ያውም ጠጉሩ የሸበተ፣ የልጅ መጫወቻ መኪና በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ቆልፎ ቢያስቀምጥ ምን ትላላችሁ? «ይህን ሰው ምን ነካው?» ሳትሉ አትቀሩም። መኪናዋ ከአውራ ጣት ብዙም አትበልጥም። ቀለሟ እዚህም እዚያም ተልጧል። ነዳጅ አትጠጣም፤ ሰው አትጭንም። ባለቤቷ ግን «በአዲስ ብስክሌት ለውጠኝ» ቢሉት እሺ አይልም።

እንዲህ ያለ ሰው በእንግሊዝ አገር፣ በአሜሪካ፣ በጀርመንና በጃፓን ብዙ ነው። የድሮ የብረት መጫወቻ መኪና ይሰበስባል። ዛሬ የምናነበው ስለ እነዚህ መኪኖችና ስለ ሰብሳቢዎቻቸው ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አስቀድመን እንወቅ።

በእኛ አገር ልጅ መኪና ሲያምረው ብዙ ጊዜ ራሱ ይሠራል። ሽቦ ያጥፋል፣ የቆርቆሮ ጣሳ ይቆርጣል፣ አራት ቆርኪ በስቶ ጎማ ያደርጋል። ከዚያ በረጅም ሽቦ እየገፋ፣ በአፉ እንደ ሞተር እየጮኸ ሠፈሩን ይዞራል። እኔም ነድቼዋለሁ። ያ መኪና አንድ ክረምት አይሻገርም፤ ደግሞም በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው። አሁን የምንነጋገርባቸው መኪኖች ግን ከፋብሪካ የወጡ ናቸው። አንዷ መኪና በመቶ ሺህና በሚሊዮን የሚቆጠሩ እኅቶች አሏት። ታዲያ በሚሊዮን የተሠራ ነገር እንዴት ብርቅ ይሆናል? ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ከአጀማመሩ እንነሣ። በሊቨርፑል ከተማ ፍራንክ ሆርንቢ የሚባል ሰው ነበር። ሜካኖ የተባለው ኩባንያው ልጆች በብሎንና በዳዶ እየገጣጠሙ የሚጫወቱበትን ዕቃና የመጫወቻ ባቡር ይሠራ ነበር። ባቡር ካለ ጣቢያ አለ፤ ጣቢያ ካለ ደግሞ ከደጁ የሚቆም መኪና ያስፈልጋል። ስለዚህ በ1933 ዓ.ም. ትንንሽ መኪኖች ተሠሩ። በዓመቱ «ዲንኪ» የሚል ስም ወጣላቸው። ባቡሩን አጅበው እንዲቆሙ የተሠሩት መኪኖች ብዙ ሳይቆዩ ለብቻቸው የሚፈለጉ ሆኑ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ ሌላ ታሪክ ተጀመረ። ሌስሊ ስሚዝና ሮድኒ ስሚዝ የሚባሉ፣ በባሕር ኃይል ያገለገሉ ሁለት ጓደኛሞች ነበሩ። የአባታቸው ስም አንድ ይመስላል እንጂ ዘመዳሞች አይደሉም። በ1947 ዓ.ም. ያላቸውን ጥቂት ገንዘብ አዋጥተው ለንደን ውስጥ ሥራ ጀመሩ። ከሌስሊ «ሌስ»ን፣ ከሮድኒ «ኒ»ን ወስደው ኩባንያውን «ሌስኒ» አሉት። የሥራ ቦታቸው የተዘጋ መጠጥ ቤት ነበር። ጃክ ኦዴል የሚባል እጀ ብልህ ባለሙያም አብሯቸው ገባ። መጀመሪያ የሚሠሩት መጫወቻ አልነበረም። ለሌሎች ፋብሪካዎች ትንንሽ የብረት ክፍሎች ነበር የሚያቀርቡት። በዓመቱ መጨረሻ ግን ትእዛዝ ይቀዘቅዝባቸዋል። ታዲያ መኪናው (ማሽኑን ማለቴ ነው) ሥራ ፈትቶ ከሚቆም መጫወቻ እናውጣበት አሉ። ስለዚህ መጫወቻው የተጀመረው ለክፉ ቀን መደጎሚያ ነው ማለት ይቻላል።

በ1953 ዓ.ም. ንግሥት ኤልሳቤጥ ዘውድ ስትደፋ፣ ሌስኒ የንግሥቲቱን ሠረገላ አሳንሶ ሠርቶ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሸጠ። ኩባንያውን በእግሩ ያቆመው ይህ ሠረገላ ነው።

ስለ ክብሪት ቀፎው የሚነገረው ደግሞ እንዲህ ነው። የጃክ ኦዴል ልጅ ትምህርት ቤት ውስጥ አንድ ደንብ ነበር። ልጆች መጫወቻ ይዘው መምጣት የሚችሉት ክብሪት ቀፎ ውስጥ የሚገባ ከሆነ ብቻ ነው። አባትዮው ይህን ሲሰማ መንገድ የሚደመድመውን ዳምጠው አሳንሶ፣ በጣም አሳንሶ፣ በናስ ሠራላትና ክብሪት ቀፎ ውስጥ ከቶ ሰጣት። በማግሥቱ የክፍሏ ልጆች ሁሉ «ለእኔም! ለእኔም!» አሉ። «ማችቦክስ» የተባሉት መኪኖች የወጡት ከዚህ ነው፤ ማችቦክስ ማለት በእንግሊዝኛ የክብሪት ቀፎ ማለት ነው። በዚያው በ1953 ዓ.ም. ለገበያ ሲቀርቡ ቁጥር 1 የሆነው ያው ዳምጠው ነው። እያንዳንዱ መኪና ክብሪት ቀፎ በሚመስል ካርቶን ውስጥ ይሸጥ ነበር። ዋጋውም ልጅ ከኪሱ አውጥቶ የሚከፍለው ነበር። ትልቁ ብልሃት ይህ ይመስለኛል፤ አባትን መለመን ቀረ።

አሁን አሠራሩን እንይ። መኪናዋ የብረት ናት ስንል ጥቁሩን ብረት ማለታችን አይደለም። ማግኔት ብታስጠጉባት ገላዋ አይሳብም፤ የጎማዎቿ ዘንግ ግን ይሳባል። ገላዋ የተሠራው ከዚንክ ነው። ዚንክን ታውቁታላችሁ። የቤት ክዳን ቆርቆሮ እንዳይዝግ የሚለበጥበት እርሱ ነው። የተለመደው የባትሪ ድንጋይ ቀፎም ዚንክ ነው። በዚንኩ ላይ ከመቶ አራት እጅ ያህል አሉሚኒየም፣ ትንሽም መዳብና ማግኒዚየም ይጨመርበታል። ይህ ቅልቅል በ380 ዲግሪ ሙቀት ገደማ መቅለጥ ይጀምራል። ብረት ግን ለመቅለጥ ከ1,500 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። የዚንክ ሥራ ርካሽ የሆነው ስለዚህ ነው።

ከጠንካራ ብረት የተቀረጸ ቅርጽ ማውጫ አለ። ሁለት ግማሽ ነው፤ ግማሾቹ እንደ ሁለት መዳፍ ይገጥማሉ። በመካከላቸው የሚቀረው ባዶ ቦታ የመኪናዋ መልክ ነው። የቀለጠው ዚንክ በኃይል ተገፍቶ እዚያ ውስጥ ይገባል፤ በጥቂት ሴኮንድ ይረጋል፤ መዳፎቹ ይከፈታሉ፤ መኪናዋ ትወጣለች። ከዚያ ትርፍራፊው ይነሣል፣ ቀለም ይነፋባታል፣ ዘንጉ ገብቶ ጫፉ ይደፈጠጣል። ቅርጽ ማውጫው ውድ ነው። ከእርሱ የሚወጣው መኪና ግን ከቁጥር የለውም። በሌስኒ ፋብሪካ፣ ምሥራቅ ለንደን ሃክኒ በሚባለው ሠፈር፣ ይህን የሚሠሩት አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። በየዓመቱ በብዙ አሥር ሚሊዮን የሚቆጠር መኪና በእጃቸው ያልፍ ነበር።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ይህ ሁሉ ሚሊዮን የት ገባ?

ልጅ በላው። ማለትም ተጫወተበት። መጫወቻ ለመጫወቻ ነውና አሸዋ ውስጥ ቀበረው፣ ከደረጃ ላይ ለቀቀው፣ ከወንድሙ መኪና ጋር አጋጨው፣ ውኃ ውስጥ ነከረው። ጎማው ወለቀ፤ ቀለሙ ሄደ፤ እናት ቤት ስታጸዳ ጠርጋ ጣለችው። በመልካም ሁኔታ የቀሩት ልጁ ያልወደዳቸው፣ ወይም ታሞ ያልተጫወተባቸው፣ ወይም ሱቅ ውስጥ ሳይሸጡ የተረሱ ናቸው። ሰብሳቢ ዛሬ ብዙ ገንዘብ የሚከፍለው ለዚያች ማንም ላልተጫወተባት መኪና ነው። ይህን ሳስብ ትንሽ ቅር ይለኛል፤ ግን ገበያው እንዲህ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ልዩነት ነው። ፋብሪካው አንድ ዓይነት መኪና ለብዙ ዓመት ሲሠራ በየጊዜው አንድ ነገር ይለውጣል። አንዳንዴ ቀለም ያልቅበትና በሌላ ቀለም ይቀባል። አንዳንዴ የጎማው ዓይነት ይለወጣል። ሥራ አስኪያጁ ይህን ሲያዝዝ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ሰው ይጣላበታል ብሎ አላሰበም። ነገር ግን አንድ መኪና በአረንጓዴ መቶ ሺህ፣ በቡናማ ጥቂት ብቻ ተሠርቶ ከሆነ፣ አረንጓዴው የሻይ ዋጋ ሲያወጣ ቡናማው የበሬ ዋጋ ያወጣል።

ስለዚህ ሰብሳቢ ከሁሉ በፊት አንባቢ ነው። መኪና ሲያገኝ ኮፈኑን ወይም መስተዋቱን አያይም፤ ገልብጦ ሆዷን ያነባል። እዚያ ከዚንኩ ጋር አብሮ የተቀረጸ ትንሽ ጽሑፍ አለ። የሌስኒ ከሆነ የኩባንያው ስምና «በእንግሊዝ አገር የተሠራ» የሚል በእንግሊዝኛ ይገኛል፤ ብዙ ጊዜ ቁጥሩም አለ። የዲንኪ ከሆነ የሜካኖ ስም ይኖራል። ከዚያ ጎማውን ያያል። በማችቦክስ መኪኖች መጀመሪያ የነበረው ጎማ የብረት ነው፤ ቀጥሎ ግራጫ ፕላስቲክ መጣ፤ በኋላ ጥቁር ፕላስቲክ። ስለዚህ የአንዷን መኪና ዘመን ከጎማዋ መገመት ይቻላል፤ የበቅሎ ዕድሜ በጥርስ እንደሚታወቀው ማለት ነው። በመጨረሻ የዘንጉን ጫፍ በማጉያ መነጽር ይመረምራል። ከፋብሪካ የወጣ ዘንግ ጫፉ ተደፍጥጦ ይታያል። በኋላ በመዶሻ የተነካካ ከሆነ አንድ ሰው ጎማ ለውጧል ማለት ነው።

አጭበርባሪ አለና ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ርካሹን አረንጓዴ መኪና ቀለሙን ፍቆ ቡናማ የሚቀባ ሰው አለ። አዲስ ካርቶን አትሞ፣ ማዕዘኑን አሽቶ፣ አሮጌ አስመስሎ የሚሸጥም አለ።

ስለ ካርቶን ካነሣን፣ እዚህ ላይ እንግዳ ነገር አለ። የመኪናዋ ካርቶን ካለ ዋጋዋ ከእጥፍ በላይ ሊሆን ይችላል። አንዳንዴ ባዶው ካርቶን ከመኪናዋ የበለጠ ያወጣል! ምክንያቱ ቀላል ነው። መኪናዋን ልጁ ለጥቂት ጊዜም ቢሆን ያኖራታል፤ ካርቶኑን ግን ሱቁ በር ላይ ቀዶ ይጥለዋል። ከሚሊዮን መኪና ሺህ ቢተርፍ፣ ከሚሊዮን ካርቶን የሚተርፈው ከዚያም ያነሰ ነው።

በዌልስ፣ ስዋንሲ ከተማ፣ በ1956 ዓ.ም. የተጀመረ «ኮርጊ» የሚባል ሌላ ዓይነት ነበር። እስከዚያ ድረስ የትንንሾቹ መኪኖች መስኮት ክፍት ቀዳዳ ነበር፤ ኮርጊ ግልጽ ፕላስቲክ መስኮት አስገባ፤ ልጆችም ወደዱት። በ1965 ዓ.ም. ደግሞ ከጄምስ ቦንድ ፊልም የተወሰደ አስተን ማርቲን የሚባል መኪና አወጣ። አንድ ነገር ስትጫኑ ጣሪያው ይከፈትና የተቀመጠው ትንሽ ሰው ተስፈንጥሮ ይወጣል። ፊልሙ ላይ መኪናው ብርማ ነው፤ የኮርጊው ግን ወርቃማ ሆኖ ተቀባ፤ ብርማ ቢቀባ ቀለም ያልነካው ጥሬ ዚንክ ይመስላልና። ልጁ አንዴ ሲያስፈነጥረው ትንሹ ሰው አልጋ ሥር ገብቶ ይጠፋል። ፋብሪካውም ይህን አውቆ አንድ መጠባበቂያ ሰው ጨምሮ ይሰጥ ነበር። ዛሬ ሰብሳቢዎች ያንን እንደ ባቄላ ፍሬ ያለ ሰው ፍለጋ ይባዝናሉ።

ከእነዚህ መኪኖች ውስጥ እኛም የምናውቃቸው አሉ። ላንድሮቨርን ዲንኪም ማችቦክስም ሠርተውታል። ቮልስዋገንን እንደዚሁ። በአዲስ አበባ በታክሲነት የምናውቀውን ሰይቼንቶ፣ ማለትም ፊያት 600ን፣ በጣሊያን አገር ቱሪን ከተማ የነበረው ሜርኩሪ የሚባል መጫወቻ ሠሪ አሳንሶ ሠርቶታል።

አሁን ሰብሳቢዎች ስሙን እንኳ መስማት የማይወዱትን ነገር እንንገራችሁ። ልጅ ያልተጫወተባትን፣ ካርቶኗ ያልተቀደደውን፣ ጨለማ ቁም ሣጥን ውስጥ የተቀመጠችውንም መኪና የሚበላ ነገር አለ። የዚንክ ነቀዝ እንበለው። ነቀዝ ስንል ነፍስ ያለው ተባይ አይደለም። ዚንኩ ሲቀልጥ በጣም ንጹሕ መሆን አለበት። ጥቂት እርሳስ ከተቀላቀለበት፣ ያ እርሳስ በዚንኩ ቅንጣቶች መካከል ተሰግስጎ ይቀመጣል። ከዚያ የአየር እርጥበትና ሙቀት ሲያገኘው ዚንኩ ከውስጥ እየተበላ ያብጣል። ፋብሪካው በር ላይ ምንም አይታወቅም። ምልክቱ የሚወጣው ከዓመታት በኋላ ነው። መጀመሪያ ጠጉር የመሰለ ስንጥቅ ይታያል። ቀለሙ ይነፋል። መኪናዋ ትጎብጣለች፤ ትረዝማለችም፤ ሆዷ ከገላዋ ጋር አልገጥም ይላል። በመጨረሻ ፓራውልቷን ስትነኩት እንደ ደረቅ ዳቦ ይፈረፈራል።

በዚህ በሽታ በብዛት የሚጠቁት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠሩት፣ ማለትም የመጀመሪያዎቹ ዲንኪዎች ናቸው። እነዚያው ናቸው እንግዲህ በጣም ጥቂት የቀሩትና በጣም ውድ የሆኑት። ለነቀዙ መድኃኒት የለውም። ከአንዷ መኪና ወደ ሌላዋ አይተላለፍም፤ ይህ አንድ መጽናኛ ነው። ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ማስቀመጥ ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም። ስለዚህ ሰብሳቢው ከባድ ነገር ላይ ይወድቃል። ስንጥቅ የጀመራትን መኪና ምን ያድርጋት? ሳይናገር ቢሸጣት ገዢውን አታለለ። ስንጥቁን ሞልቶ ቀለም የሚቀባ አለ፤ ይህ ደግሞ ሌብነት ነው። ሐቀኛው «ነቀዝ አለባት» ብሎ በግልጽ ጽፎ በርካሽ ይሸጣል፤ ወይም ፎቶግራፍ አንሥቶ ራሱ ዘንድ ያኖራትና እስክትፈርስ ድረስ ያያታል።

ፋብሪካዎቹስ? እነርሱም አልቀሩም። በ1968 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ፣ ማቴል የሚባል ኩባንያ «ሆት ዊልስ» የሚባሉ መኪኖች አወጣ። ዘንጋቸው ቀጭን፣ ጎማቸው ቀላል ስለሆነ በተዘጋጀላቸው የፕላስቲክ መንገድ ላይ እንደ ጥይት ይበራሉ። የእንግሊዝ ልጆችም ወደዚያ ዞሩ። ሌስኒ ደንግጦ በ1969 ዓ.ም. የራሱን ፈጣን ጎማ አወጣ፤ ለጊዜው ተረፈ። ነገር ግን የሊቨርፑሉ የዲንኪ ፋብሪካ በ1979 ዓ.ም. ተዘጋ። ሌስኒ በ1982 ዓ.ም. ከሠረ። የኮርጊ ባለቤት የነበረው ሜቶይ በ1983 ዓ.ም. ወደቀ። በአራት ዓመት ውስጥ ሦስቱም መሆናቸው ነው። ከዚያ ሥራ የወጡት ሠራተኞች ብዙዎቹ ዕድሜያቸውን በዚያ የፈጁ ነበሩ።

ጃክ ኦዴል ግን አልተኛም። ዕድሜው ከስድሳ ዓመት አልፎ ሳለ ከከሠረው ፋብሪካ መኪናዎች፣ ቅድም እንዳልኩት ማሽኖቹን፣ ጥቂቱን ገዝቶ እንደገና ጀመረ። ኦዴል የሚለውን ስሙን በእንግሊዝኛ ፊደል ከኋላ ወደ ፊት ገልብጦ ጻፈና «ሌዶ» አለው። የማችቦክስ ስም ደግሞ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቆይቶ በ1997 ዓ.ም. ማቴል እጅ ገባ። ያ ሌስኒን ያስደነገጠው ማቴል ማለት ነው። ዛሬ ሁለቱም መኪኖች የአንድ ቤት ናቸው፤ የሚሠሩትም እስያ ውስጥ ነው።

ስለ ዋጋ አንድ ነገር ልጨምር። ሰው የሚገዛው በልጅነቱ የነበረውን፣ ወይም ተመኝቶ ያጣውን መኪና ነው። በ1950ዎቹ ልጅ የነበሩት አርጅተዋል፤ ብዙዎቹም አልፈዋል። ስብስባቸው በየጨረታው ይወጣል፤ የሚወጣው ሲበዛ የተራዎቹ መኪኖች ዋጋ ወርዷል። እጅግ ብርቆቹ ብቻ እንደተወደዱ ናቸው። ስለዚህ «ለልጆቼ ሀብት አኖራለሁ» ብሎ መጫወቻ መኪና የሚገዛ ሰው ቢያስብበት ይሻላል። የወደደው ግን ይግዛ።

ድንገት እንዲህ ያለች አሮጌ መኪና በእጃችሁ ብትገባ፣ ምናልባት ውጭ አገር ያለ ዘመድ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ቢያመጣላችሁ፣ አትጠቡአት፤ ቀለም አትቀቡአት። ሰው ላሳምራት ብሎ የቀባት መኪና ዋጋዋን አብዛኛውን ታጣለች፤ የተላጠው የድሮው ቀለም ከአዲሱ ይበልጣልና። በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ አቧራዋን ብቻ አንሡ። ከፀሐይ አርቋት። ገልብጣችሁም ሆዷ ላይ ያለውን አንብቡ።

ያነበባችሁትንም ጻፉት። ደኅና ሰብሳቢዎች ደብተር አላቸው። የመኪናዋን ቁጥር፣ ቀለሟን፣ የጎማዋን ዓይነት፣ መቼ ከየት እንደተገዛች፣ ምን እንደጎደላት፣ ማን ተጫውቶባት እንደነበር ከታወቀ እርሱንም ይጽፋሉ። ደብተር የሌለው ሰው ሲሞት ልጆቹ ሣጥኑን ይከፍታሉ፤ ብርቁን ከተራው፣ የተቀባውን ካልተቀባው የሚለይላቸው የለም። ካርቶኖቹን ለቆሻሻ፣ መኪኖቹን በጅምላ ለአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ይሰጣሉ። ነጋዴው አንዷን አንሥቶ ገልብጦ ያነባል፤ ከዚያ ምንም ሳይናገር ሁሉንም በከረጢቱ ይከታል።

ጥያቄ

1. ሌስኒ የሚለው ስም ከምን መጣ?
2. ባዶ ካርቶን ከመኪናው የበለጠ ዋጋ የሚያወጣው ለምንድን ነው?
3. የዚንክ ነቀዝ የሚመጣው ከምን ነው? ሊድን ይችላል?
4. ቤታችሁ ካሉት አሮጌ ዕቃዎች አንዱን መርጣችሁ መቼ፣ ከየት፣ በማን እጅ እንደመጣ በደብተራችሁ ጻፉ።